ኛማልና የመጀመሪያው ሕግ

የኛማልን ሞት የነገረኝ ልጇ ቱት ነው። የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ገና በእንፋሎትና በአስተናጋጆች ጩኸት እንደተሞላ ነው። በጓሮው በር ገብቶ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ሲቆም መጀመሪያ አላወቅሁትም። መንጋጋው ወደ አንድ ጎን ዞሯል፣ ግራ ዓይኑ በእብጠት ተደፍኗል፣ ነጭ የነበረው ሸሚዙ ከአንገት እስከ ወገብ ደም ደርቆበት እንደ ካርቶን ቆሟል።

“አክስቴ” አለኝ በአማርኛ፣ ከንፈሩን እንደምንም አላቆ። “እማዬ ሞተች።”

“ይሄ ደም ያንተ ነው?” አልኩት። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

“የኔም አለበት” አለ። “የሷ ይበዛል።”

ከዚያ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ከሆቴላችን በር ላይ የሸኘኋት ሴት ናት። ፊቷን ታጥባ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ በእግሯ ቆማ ነው የሄደችው።

እንዴት እንደሞተች እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ማን እንደነበረች መናገር አለብኝ፤ አሟሟቷን ብቻ የሰማ ሰው የዋህ ሴት ነበረች ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ኛማል የዋህ አልነበረችም። ጨካኝ ነበረች፤ ጭካኔዋንም እንደ እጇ መዳፍ ታውቀው ነበር።

ጁባ የመጣሁት ምግብ ላበስል ነው። እትዬ ሙሉ ጁባ ታውን ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ሆቴል አላቸው፤ ከፊት ምግብ ቤትና ባር፣ ከኋላ መኝታ ክፍሎች። ኛማልን የቀጠሯት በሩ ላይ ሆና ሴት እንግዶችን እንድትፈትሽ ነበር። ቁመቷ ከበሩ ጉበን ጋር ሊገናኝ ጥቂት ይቀረዋል። ድምጿ ወፍራም፣ እጇ ሰፊ ነው። አማርኛዋ ግን የጎፋ ልጅ አማርኛ ነበር። ጋምቤላ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ አድጋ፣ እዚያው አግብታና ወልዳ ነው ወደ ወላጆቿ አገር የመጣችው። አዲስ የመጣ ሐበሻ ሲገባ ሆን ብላ ዝም ትላለች። ሰውየው ለጓደኛው ስለ ቁመቷ፣ ስለ መልኳ እስኪያወራ ትጠብቅና በሩን እየከፈተችለት፣ “ወንድም፣ ሰምቼሃለሁ እኮ” ትለዋለች። የብዙ ሰው ፊት ሲቀላ አይቻለሁ።

ባሏን ገድለውባታል። ቢየል ይባል ነበር። ከብቶቹን ሊያይ ወደ መንደሩ የሄደ ጊዜ በግጦሽ ጠብ ተነሳና ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ጎሳ ሰው በጥይት መታው። ገዳዩን በስም ታውቀዋለች፤ ጋትቤል ነው። ይህን ስም ስትጠራ ጥርሷ ሲገጥም ይሰማል።

ያኔ የምናውቃት ኛማል ይህቺ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽጉጥ በወገቡ የሻጠ ሰው ባሩ ውስጥ ሲጠጣ ቆይቶ አስተናጋጇን ሳምሪን በጥፊ መታት። ሳምሪ ከነትሪዋ ወደቀች። ኛማል ከበሩ መጣች፤ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የሰውየውን ክንድ ይዛ የባንኮኒው ጠርዝ ላይ አጋደመችውና በክርኗ ጫነችው። አጥንቱ ሲሰበር ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። ከዚያም ከወለሉ ላይ ትሪውን አንስታ ፊቱን ደጋግማ መታችው። ሦስት ወንዶች ጎትተው ነው ያላቀቋት። ዓይኗን አየሁት፤ ደስ ብሏት ነበር።

በማግስቱ የሰውየው ጓደኞች በፒክአፕ መጡ። እትዬ ሙሉ በሩን አስዘግተው ሁላችንም ውስጥ ሆነን ነበር፤ ኛማል ግን ወደ ውስጥ ግቢ ስትባል እምቢ አለች። በእግሯ ጎትተው መንገዱ ላይ አስተኟት። በጠመንጃ ሰደፍ ጎኗን፣ ጀርባዋን፣ ጭንቅላቷን ሲመቱት ድምፁ በብረት በሩ ውስጥ አልፎ ይሰማን ነበር። ሳምሪ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሲጨርሱ የፍሳሽ ቦዩ ውስጥ ወርውረዋት ሄዱ። ስናወጣት በአፏና በአፍንጫዋ አረፋ የቀላቀለ ደም ይወጣ ነበር።

ክሊኒክ ወሰድናት። የጎን አጥንቶቿ ተሰባብረዋል፣ አንዱ ሳንባዋን ወግቶታል። ያከመቻት ሚራ የምትባል ህንዳዊት ሐኪም ናት። ሌላውን ኛማል ራሷ ነው የነገረችኝ።

“ትንፋሽ መሳብ አልቻልኩም” አለችኝ። “በሳብኩ ቁጥር ቢላዋ ነው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ እየሰረቅሁ እተነፍሳለሁ። ተኝቼም የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ስድን ማንን አስቀድሜ እንደምገድል። ሚራ መጣችና እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ፣ ‘መጀመሪያ አስወጪ፤ ለመሳብ አትታገዪ፣ በደንብ አስወጪ፣ እሱ ራሱ ይገባል’ አለችኝ። ቲጂ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከታመምኩም ወዲህ አይደለም፤ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሙሉ ትንፋሽ አስወጥቼ አላውቅም ነበር።”

የሚራ አባት ዮጋ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ እናቷ ደግሞ ከቡድሂስት ቤተሰብ ናት። ሐኪሟ ከሁለቱም ቤት የወረሰችውን አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ለኛማል ታወራላት ጀመር። የዮጋ ሰዎች ሰውነት ማጣጠፍ ከመጀመራቸው በፊት የሚጠብቋቸው ሕጎች እንዳሉ ነገረቻት። የመጀመሪያው አሂምሳ ይባላል፤ አለመጉዳት ማለት ነው፣ በእጅ፣ በቃልም፣ በሐሳብም። ሁለተኛው ሳቲያ ነው፤ እውነት። ሦስተኛው አለመስረቅ። ሌሎችም አሉ፣ ኛማል ግን ከነዚህ አልፋ ብዙ አትሄድም ነበር።

“ዛፍ ሥር ተቀምጦ እውነቱ ተገለጠለት ስለሚሉት ስለ ቡድሃ ስትነግረኝማ ሳቅሁባት” ትላለች። “ሕይወት ውስጥ ስቃይ አለ ብሏል አለችኝ። ‘ዶክተር፣ ይሄን ለማወቅ ዛፍ ሥር መቀመጥ ያስፈልገዋል? ጁባ መጥቶ ማንንም ቢጠይቅ ይነግረው ነበር’ አልኳት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለተኛውን ነገረችኝ። ስቃዩን የሚያሳድገው የሙጥኝ ብለን መያዛችን ነው አለች። ያኔ አልሳቅሁም። እኔ ምን እንደያዝኩ አውቃለሁ።”

ከክሊኒኩ ስትመለስ ሌላ ሴት ሆና መጣች ብል እውነት አይሆንም። ያቺው ኛማል ነበረች፤ ቁጣዋም አብሯት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ ቁጣው ሲመጣ ታየዋለች። ሰው ሲሰድባት የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ትከሻዋ ይነሳል፣ ከዚያ ትንፋሿን ረጅም አድርጋ ታስወጣለች፣ ትከሻዋ ይወርዳል። “መጣ፣ ሄደ” ትላለች ለራሷ። ሚራ፣ የሚመጣ ነገር ሁሉ ያልፋል፣ አልፎ እስኪሄድ ብቻ ተቀምጠሽ ጠብቂው ብላታለች።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ቁራጭ ሸራ ታነጥፋለች። ጎኗ በደንብ ስላልዳነ ብዙውን አትችልም። ትቆማለች፣ ታጎነብሳለች፣ በግንባሯ መሬት ትነካለች፣ ከዚያ እግሯን አጣጥፋ ዓይኗን ትከድናለች። ሳምሪና እኔ መጀመሪያ እየሳቅን፣ በኋላ ወገባችንን ሲያመን ስለሚያሳርፈን አብረናት ጀመርን። ሎሎጎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራውን ልጇን ቱትንም ወደ ሥራ ሲያልፍ በግድ ታስቀምጠዋለች። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ ነው፤ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ይቀመጣል። “ቱቲ፣ መጀመሪያ አስወጣ” ትለዋለች። “እሺ እማዬ” ይላል እያዛጋ።

እትዬ ሙሉ አልወደዱትም። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙንና በሩ ላይ ቆመው አማተቡ።

“ይሄ የህንድ ጣዖት ነው! በኔ ግቢ አይደረግም!” አሉ።

ኛማል ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ “እትዬ፣ እርስዎ ሲሰግዱ ግንባርዎ ምን ይነካል?” አለቻቸው።

“መሬት ነዋ!”

“የኔም መሬት ነው የሚነካው።”

“እኔ ለፈጣሪ ነው!”

“እኔ ደግሞ ሰው እንዳልገድል ነው። ፈጣሪ ይቆጣል?”

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ከዚያ በኋላ ከልካይ አልሆኑም፤ በጾም ቀን ግን እንዳታጣጥፉት ይሉ ነበር፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሂምሳ ምን እንደሚያስከፍል ያየሁት ገበያ ውስጥ ነው። ኛማልና እኔ ቲማቲም እየመረጥን ሳለ አንድ ጎልማሳ ቦርሳዬን በምላጭ ቀዶ ስልኬን አወጣ። እኔ ሳላይ ከጎኔ ያለ ነጋዴ “ሀራሚ!” ብሎ ጮኸ። ጁባ ገበያ ውስጥ ሌባ የሚለው ቃል ከተጠራ ሌላ ፍርድ የለም። ሰውየው ጥቂት እንደሮጠ በእግር ጠለፉት። ድንጋይ መጣ፣ የጎማ መፍቻ ብረት መጣ፣ የጀበሎ ሣጥን የተሸከመ ሰው ሣጥኑን አስቀምጦ በጫማው ፊቱን ረገጠው። አንዱ ጥርሱ ወጥቶ ከቲማቲሞቹ መሐል ሲያርፍ አየሁት። የሆነ ሰው “ቤንዚን!” እያለ ነበር።

ኛማል ዘንቢሉን ሰጠችኝና ገባች። ሰዎቹን እየጠረገች መሐል ደረሰችና ሰውየው ላይ ተኛችበት። እጇን ጭንቅላቱ ላይ አድርጋ፣ በዚያ በተሰባበረ ጎኗ ሸፈነችው። ለጥቂት ጊዜ መምታታቸውን አላቆሙም። ብረቱ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትጸልይ መሰለኝ። ከዚያ አንዲት ዓሣ ሻጭ፣ “ሴትዮዋን ገደላችኋት! ኸላስ! በቃ!” ብላ ስትጮህ ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አለ። ኛማል ሰውየውን በብብቱ ይዛ አነሳችው፣ እስከ ዋናው መንገድ ደግፋ ወስዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አስቀመጠችው።

ስትመለስ ደም ከጆሮዋ ጀርባ ይወርዳል። በሻርፔ እያበስኩላት፣ “አላመመሽም?” አልኳት።

“አመመኝ እንጂ።”

“ታዲያ ምን እያልሽ ነበር? ጸሎት ነው?”

“አስወጪ፣ አስወጪ እያልኩ ነው” አለች። “ቲጂ፣ ያ ብረት የያዘው ሰውዬ እግሩ አጠገቤ ነበር። ብስበው ይወድቃል፤ ሲወድቅ አንገቱን አገኘዋለሁ። እጄ ሄዶ ነበር እኮ። ያደከመኝ መመታቱ አይደለም፣ እጄን መመለሱ ነው።”

ከዚያ ኪሷን ዳበሰች። ደግማ ዳበሰች። ስልኳ የለም። ሌባው እላዩ ላይ ተኝታ እያለች ወስዶታል።

ሁለታችንም ተያየን። ኛማል መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ፣ የሚያማትን ጎኗን ይዛ ሳቀች። “አለመስረቅ ሦስተኛው ሕግ ነው” አለች። “እሱ ገና አንደኛው ላይ ነው።”

ሚራ ያስተማረቻት ሌላም ነገር ነበር፣ ከሁሉ የከበዳት እሱ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ለሰው ደኅንነት ትመኛለሽ። መጀመሪያ ለራስሽ፣ ቀጥሎ ለምትወጂው፣ ከዚያ ለማታውቂው፣ መጨረሻ ላይ ለጠላትሽ። ቡድሂስቶቹ ሜታ ይሉታል። ኛማል ለራሷ፣ ለቱት፣ ለውሃ ቦቴው ሾፌር፣ ለእትዬ ሙሉ ሳይቀር ትመኛለች። ከዚያ ዓይኗን ትገልጣለች።

“ዛሬስ?” እላታለሁ።

“ጋትቤል ጋ ስደርስ ጥርሴ ይገጥማል” ትላለች። “ደኅና ሁን ልለው እፈልግና አፌ ውስጥ የሚመጣው ሌላ ነው። አልዋሽም፤ ሳቲያ አለ።”

እንግዲህ ወደዚያ ቀን መጣሁ።

ጠዋት ነው። ኛማል በሩ ላይ ናት፤ እኔ የዳቦውን ከረጢት ልቀበል ወጥቻለሁ። የባሏ ታላቅ ወንድም ኮንግ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ፤ ቱትም አብሯቸው ነው። ቱት ዓይኑ ቀልቷል። ኮንግ ረጅም ዱላ ይዟል። በቋንቋቸው የተናገረውን ኛማል ኋላ ፊቷን ስትታጠብ ነገረችኝ፤ ጋትቤል ጁባ ገብቷል፣ ተፈናቅሎ ማንጋቴን የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተጠግቷል፣ ወባ ይዞት ተኝቷል። ሎሎጎ ዘመድ ቤት ክላሽ አለ። የመጀመሪያውን ጥይት የሟች ልጅ ይተኩስ።

ኛማል ለኮንግ አልመለሰችለትም። ወደ ልጇ ዞራ በአማርኛ ተናገረች። አማርኛ የሁለቱ የብቻቸው ቋንቋ ነበር፤ ኮንግ አይሰማም።

“አንተ ትፈልጋለህ?”

“አባቴ ነው እማዬ።”

“ባሌም ነው።”

“ታዲያ እንዴት ዝም ትያለሽ? ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? የሴት ልጅ ይሉኛል።”

“የሴት ልጅ ነህ። ስማኝ፣ ጋትቤል ወንዶች ልጆች አሉት። ዛሬ አባታቸውን ከገደልክ እያንዳንዳቸው ያንተን ስም ይዘው ያድጋሉ። እኔ የሱን ስም ይዤ ኖሬያለሁ፤ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ውስጥን ይበላል።”

“አንቺ በዚያ በህንዶቹ ነገር ደንዝዘሻል!” ብሎ ጮኸባት።

ኮንግ ትዕግስቱ አለቀ። ዱላውን አንስቶ ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ኛማል ዱላውን በአንድ እጇ አየር ላይ ያዘችው። ኮንግ ሊያስለቅቃት ሳበ፤ አልቻለም። በዚያች ቅጽበት ክንዱን እንደምትሰብረው እርግጠኛ ነበርኩ፤ እሱም የገባው ይመስለኛል፣ ፊቱ ተለወጠ። ኛማል ግን ትንፋሿን አስወጣችና ዱላውን ለቀቀችው። እሱም መታት። ፊቷን መታት፣ ቅንድቧ ተቀደደ፤ ጎኗን መታት፣ ተንበረከከች። እጇ ጭኗ ላይ ነው። ቱት ቆሞ ያያል፤ ግን አልገባም። እትዬ ሙሉ “በማርያም! በማርያም ተው!” እያሉ ወጥተው መሐል ባይቆሙ ኖሮ ምን ያህል እንደሚቀጥል አላውቅም። ኮንግ መሬት ላይ ተፍቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቤተሰቡ ሴት አይደለችም ብሎ፣ ቱትን በክንዱ ይዞ ሄደ።

ኛማል ተነስታ ቧንቧው ጋ ፊቷን ታጠበች።

“ሎሎጎ ሄደው መሣሪያውን እስኪያመጡ ጊዜ አለኝ” አለች። “በሩን ያዢልኝ።”

“የት ልትሄጂ ነው?”

“ማንጋቴን። ለሰውየው ልነግረው ነው።”

“ባልሽን ለገደለው? እሱን ልታድኚ?”

“እሱን ገና አልቻልኩም” አለች፣ ቅንድቧን በሻርፗ እየተጫነች። “ቱትን ነው።”

ቦዳ አስቁማ ከኋላ ተቀመጠች። ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ቱትና፣ ከቀናት በኋላ፣ የጋትቤል ሚስት ናቸው።

ማንጋቴን መጠለያዎቹ በሸራና በቆርቆሮ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። ኛማል እየጠየቀች ደረሰች። የጋትቤል ሚስት ደጅ ላይ ልብስ ታጥባለች፤ ፊቷ የቆሰለ ሴት መሆኗን አይታ አዘነችላትና ውሃ ሰጠቻት። ኛማል ጠጣች። ከዚያ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብላ ገባች። ጋትቤል አልጋው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹ መሬት ላይ ናቸው።

ዘመድ ነኝ ልትል ትችል ነበር። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ተልኬ ነው ልትል ትችል ነበር። “የቢየል ሚስት ነኝ” አለችው። “ሊገድሉህ እየመጡ ነው። ልጆችህን ይዘህ አሁን ውጣ።”

ሰውየው የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከአልጋው ሥር ገጀራውን ስቦ አንገቷና ትከሻዋ መሐል መታት። እንደገና ሲያነሳው በክንዷ መከተችው፤ ክንዷን ከፈለው። ሚስቱ ስትጮህ ኛማል በቀረው እጇ የሰውየውን አንጓ ያዘች፣ ጠመዘዘችና ገጀራውን ከእጁ አወጣችው። ሚስቱ፣ አሁን አበቃለት ብዬ ነበር ትላለች። ኛማል ግን ገጀራውን በበሩ ወደ ውጭ ወረወረችው። ከዚያ የበሩን ምሰሶ ተደግፋ ተቀመጠች።

ቱት፣ ኮንግና ሁለቱ ሰዎች የደረሱት በጩኸቱ ላይ ነው። ቱት እናቱን አያት። ደሙ ከበሩ ወጥቶ ከልብስ ማጠቢያው ውሃ ጋር ተቀላቅሏል። ዘሏት ገባና የክላሹን አፈሙዝ ጋትቤል ግንባር ላይ አደረገው። ልጆቹ ከአልጋው ሥር ገብተዋል። ኮንግ ከውጭ “ተኩስ! ተኩስ!” ይላል።

“ልተኩስ ነበር አክስቴ” አለኝ ቱት። “ጣቴ ምላጩ ውስጥ ገብቷል። ከኋላዬ ‘ቱቲ’ ስትል ሰማሁ። ቀስ ብላ፣ ጠዋት ጠዋት እንደምትለኝ። ‘መጀመሪያ አስወጣ’ አለችኝ። እኔ አላሰብኩም፤ ስንት ዘመን በግድ ስታስቀምጠኝ ሰውነቴ ለምዶታል መሰለኝ፣ ብቻ አስወጣሁ። ረጅም አስወጣሁ። ሳስወጣው ጣቴ ላላ። ሲላላ ደግሞ ልጆቹን አየኋቸው። እግራቸው ከአልጋው ሥር ይታየኛል።”

ክላሹን ይዞ ወጣ፣ የሰፈሩ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው። ኮንግ በዱላው መንጋጋውን ሰበረው። ወድቆም ሁሉም ረገጡት። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ባይገላግል ይገድሉት ነበር። ጋትቤልን የሰፈሩ ሰዎች ይዘው ለፖሊስ አስረከቡት።

ቱት በዚያ ፊቱ እናቱን ተሸክሞ ራክሻ ውስጥ አስገባት። ባለሦስት እግሩ ጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥር ቁስሏን በሁለት እጁ ይጫናል። መንገድ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

“ስለ ሰውየው ነው የተናገረችው” አለኝ። “‘ፈርቶ ነው’ አለች። ሌላ አልተናገረችም።”

ቱት ይህን ነግሮኝ ሲጨርስ እትዬ ሙሉ ባዶ እግራቸውን ወጥተው የሽንኩርቱ ጆንያ አጠገብ ተቀመጡና ጭንቅላቱን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። “ታዲያ አሁን ምን ልትሆን ነው ልጄ?” አሉት። “ልገድለው እፈልጋለሁ” አለ ቱት። “አሁንም እፈልጋለሁ። ግን ቁጣው ሲመጣ እያየሁት ነው።”

በማግስቱ ቀበርናት። የባሏ ቤተሰብ አልመጣም። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች፣ የገበያዋ ዓሣ ሻጭ፣ እኛ የሆቴሉ ሴቶችና ጥቂት የሰፈሯ ሰዎች ነበርን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፓስተሩ ጸሎቱን ጨርሶ አፈሩን መመለስ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን አካፋ የገፋው ቱት ነው፣ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ።

በዚህ መሐል ከመንገዱ በኩል አንዲት ሴት መጣች። ጡት የሚጠባ ልጅ ጀርባዋ ላይ አዝላለች፣ ጫማ የላትም። እኔ አላወቅኋትም። የኛማል ሰፈር ሰዎች ግን አወቋት፤ “የጋትቤል ሚስት ናት” የሚል ሹክሹክታ በቋንቋቸውም በአማርኛም ዞረ። አንድ ሰው ድንጋይ አነሳ። ሌላው ዱላውን ከብብቱ አወጣ። ሴትየዋ ከሰዉ ክብ ውጭ ቆመች፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄደችም። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

ቱት አካፋውን አቁሞ ቀና ብሎ አያት። ደረቱ ወጥቶ ሲገባ አየሁት፤ ሁላችንም አየነው። ከዚያ ከጉድጓዱ አፍ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።